የቀኝ ጉልበቴ የሁዳዴ ግምገማ

መሐል ሜዳ፣ እሑድ የካቲት 11 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ቅበላ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ምንም እንኳ የሚመለከተው እኔን ብቻ ቢሆንም፣ የሚከተለው መግለጫ ተሰጥቷል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ከዱካ ላይ ለመነሣት በተደረገው ሙከራ የቀኝ ጉልበቴ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰምቷል። ድምፁን ከእኔ ሌላ ልጄ ምንይሉ፣ ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ዘነበች እና ደጃፍ ላይ የቆመች አንዲት ዶሮ ሰምተዋል። ዶሮዋ ሸሽታለች። ሌሎቹ ቀርተው አስተያየት ሰጥተዋል።

እኔ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ተከሳሹ ቆሞ ቃሉን ሰጠ» እያልኩ ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ዛሬ ተከሳሹ የገዛ ጉልበቴ ሆኖ ተገኘ። ቆመህ ቃልህን ስጥ ብለው አልቆምም አለ።

ምንይሉ ደብረ ብርሃን መምህር ነው። ለቅበላ ብሎ መጣ፣ በጉን በላ፣ ጉልበቴን ሰማ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬ፣ በቃሽ። ከፋሲካ በኋላ እኛ ጋ ትገቢያለሽ። ይኼን ቤት እናከራየዋለን።»

«ምን ሆኜ?»

«ይኸው መነሣት አቃተሽ እኮ!»

«አላቃተኝም። እያሰብኩበት ነው።»

ክርክሩ ሲካረር እኔው ራሴ የማያርፍ አፌን ከፍቼ ውል አቀረብኩ። ስቅለት ዕለት እንደ ሰዉ ሁሉ ሰግጄ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ብቻዬን ከተነሣሁ እዚሁ ቤቴ እቀራለሁ። ካልተነሣሁ ዕቃዬን ሸክፌ እሄዳለሁ። ምንይሉ «ተስማምቻለሁ» አለ። ሲስማማ መፍጠኑ አላማረኝም። ዘነበች የውሉ ምስክር ሆነች፣ በዚያው አፏም ሕክምና አዘዘች።

«ቅባት አልቆበት ነው፣ እትዬ ጌታነሽ። እንደ በር ማጠፊያ ማለት እኮ ነው። ቅልጥም ይምጠጡበት፤ ከነገ ጀምሮ አይገኝም።»

ከሆዴ ተነሥቶ ጉልበቴ ድረስ የሚወርድ የቅባት መንገድ መኖሩን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቢሆንም ከግዴታ በመነጨ ስሜት ሁለት ቅልጥም መጠጥኩ። ሦስተኛውን የመጠጥኩት ለግራው ነው፣ ቅር እንዳይለው።

ማክሰኞ የካቲት 13

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር መሲ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ግን ያወቀ ነው። ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጫን ጫን አደረገች።

«ልም አጥንቱ ነው፣ እትዬ። በአጥንትና በአጥንት መሀል እንደ ፍራሽ የተነጠፈው። በዕድሜ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ መገጣጠሚያው ይቆጣል።»

«እኔም ተቆጥቻለሁ።»

ሚዛን ላይ አቆመችኝ። የታየውን ቁጥር እዚህ ማስፈር ለሕዝብ ጸጥታ አይበጅም።

«ቅባቱንና ስኳሩን ይቀንሱ» አለች። «ተልባ፣ የዓሣ ዘይት፣ እርድ፣ ዝንጅብል ቁጣውን ያበርዳሉ የሚል ጥናት አለ፤ ሞክረን ይኼ ነው የሚባል ነገር አላገኘንም የሚልም አለ። ክብደት መቀነስና በየቀኑ መራመድ ላይ ግን የሚከራከር የለም።»

እኔ የፍርድ ቤት ሰው ነኝ። ክርክር ያለበትን መረጥኩ። መራመድ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? መሄጃ የሌላት ሴትዮ ነጠላዋን ለብሳ ስትሄድ፣ ስትመለስ? ሰው ገንዘብ ጠፍቶባት ነው አይልም?

«ቅልጥምስ?» አልኳት ስወጣ።

«ለምላስ በጣም ጥሩ ነው» አለች።

ዓርብ የካቲት 16

ተልባ። ጠዋት ተልባ፣ ማታ ተልባ። ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ።

ጉልበቴ፦ ያው ነው። አንጀቴ፦ ተደስቷል፣ የጠየቀው ባይኖርም።

ዛሬ ጠዋት ሜዳው በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነበር። ከአልጋ የወረድኩት በድርድር ነው።

ቅዳሜ የካቲት 17

ገበያ ወጥቼ ሙሚና ሱቅ አረፍኩ። ሙሚና ከቆላው ወጥታ መሐል ሜዳ ላይ ቅመም መሸጥ የጀመረችው የእኔ ፀጉር ገና ጥቁር ሳለ ነው። ዕድሜያችን አንድ ነው፣ ሕመማችንም አንድ ነው። የእኔ የቀኙ ያማል፣ የእሷ የግራው። ሁለታችንን ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ ቢገኝ አንዲት ደኅና ሴት ይወጣን ነበር።

ተልባ እንደጀመርኩ ስነግራት ሳቀች።

«ተልባ? ተልባ የሚደልብ በግ ይብላው! ጥቁር አዝሙድ በማር ነው እንጂ የጉልበት መድኃኒት።»

«ታዲያ ያንቺ ጉልበት ለምን አልዳነም? የምትቀመጪው ጆንያው ላይ ነው።»

«ሸቀጥ ነዋ ጌቴ! ሸቀጤን ከበላሁ ምን ልሸጥ ነው?»

ነገሩ በምላስ ስላላለቀ በጥናት እንዲያልቅ ተወሰነ። እስከ ፋሲካ ድረስ እኔ ተልባ ብቻ፣ እሷ ጥቁር አዝሙድ ብቻ። እኔ ጾመኛ፣ እሷ ሥጋና ቅቤ በሊታ። የማን ጉልበት ቀድሞ እንደሚሻለው ይታያል። ሁለታችንም ሌላኛችንን ስለማናምን በየቀኑ፣ አንድ ቀን እኔ ሱቋ፣ አንድ ቀን እሷ ቤቴ እየተገኘን የጉልበት ቁጥጥር እናደርጋለን።

ምንይሉ ስለ ውሉ ለሙሚና አልነገራትም፣ እኔም አልነገርኳት። ለምን እንደማልነግራት አላውቅም። ሳቂ ሴት ናት፤ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ማየት አልፈለግሁም መሰለኝ።

ረቡዕ የካቲት 21

ቁጥጥር ተካሄደ። የሙሚና ሱቅ ከአውቶቡስ ተራው በላይ ዳገቱ ጫፍ ነው። ሲስተር መሲ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጎበዝ እትዬ፣ መራመድ ጀመሩ!» ብላ ጮኸች። አስተባብያለሁ። ይህ መራመድ አይደለም፣ የቁጥጥር ሥራ ነው።

የጥቁር አዝሙዱን ጥራት ለማረጋገጥ በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ። ማሩ የአበባ ነው። ለማመሳከር ሁለተኛ ቀመስኩ።

ማክሰኞ የካቲት 27

ዛሬ አረፋ ነው። በሁዳዴ ወገብ ላይ አረፋ ይውላል ብሎ ማን አሰበ? የሙሚና ግቢ ጥብሱ ይጨሳል፣ እኔ በሩ ላይ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ እንደ ዳኛ ተኮፍሻለሁ። ሙሚና ለእኔ ለብቻ በሶ በጥብጣ፣ ቆሎ ቆልታ አስቀምጣልኛለች። በሶዋ ውስጥ የጨመረችው ጨው እንኳ ልክ ነበር። እሷ ደግሞ ላቱን በቢላ እየሸረከተች፦

«ውይ፣ ባትጾሚ ኖሮ...»

«ባልጾም ኖሮ የታረደው የእናንተ ነው፣ አልበላውም።»

«እሱም አለ ለካ። አንቺማ ለጭንቅ የተፈጠርሽ ነሽ!»

ወደ ቤቴ የወረድኩት እየሳቅሁ ነው። ዳገቱን ስወጣ አንዴ ብቻ መቆሜን እዚህ ጋ ጽፌ አልፋለሁ።

ዓርብ የካቲት 30

የሙሚና የግራ ጉልበት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። መርምሬ «ላቱ ነው!» አልኩ። በድል አድራጊነት ነው ያልኩት። ቤቴ ስገባ አፈርኩ። ጓደኛዬ አሟት ደስ ያለኝ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አንድ ከተማ ሙሉ ሰው እያለ የምትስቅልኝ እሷ ብቻ ናት፣ እኔ ደግሞ በጉልበቷ ላይ ነጥብ አስቆጥራለሁ።

ዝንጅብል አፍልቼ በፔርሙዝ ይዤላት ተመለስኩ። በቀን ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጣሁ ማለት ነው። ይህም መራመድ አይደለም። ይቅርታ መጠየቅ ነው።

እሑድ መጋቢት 2፣ መጻጉዕ

ዛሬ በቅዳሴ የተነበበው የዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ በሽተኛ ታሪክ ነው። «ተነሥ፣ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» ተባለ፣ ተሸክሞም ሄደ። ከልቤ ተደስቼ ሰማሁት። ለእኔ ቢታዘዝ ግን አልጋዬ የብረት ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ አስተያየት እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ።

ስወጣ ከደጀ ሰላሙ ጥግ የዘነበችን ድምፅ ሰማሁ። መኖሬን አላወቀችም።

«ሴትዮዋ ከፋሲካ ወዲያ እዚህ የሉም። ልጃቸው ሊወስዳቸው ነው። ቤታቸውን እኔ ብከራየው ብዬ አስቤያለሁ፤ ለጠላ ቤት እኮ ይመቻል፣ መንገድ ዳር ነው።»

የውሉ ምስክር ተከራይ ሆና ተገኘች! ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም ዳኛው ምስክሯን ያነሣት ነበር። እኔ ግን ቤት ገብቼ ግድግዳዬን አየሁት። አንድ ጥግ ላይ ልስኑ ተሰንጥቋል። ጠላ ቤት ከሆነ እዚያ ጥግ ላይ ጋኑን ነው የምታስቀምጠው።

ሐሙስ መጋቢት 6

በአውቶቡስ ጥቅል መጣልኝ። የምንይሉ ሚስት ጽናት ናት የላከችው፤ ደግ ልጅ ናት፣ ይህን ማንም እንዳያጣምምብኝ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የዓሣ ዘይት፤ እንደ ወርቅ የሚያበሩ ለስላሳ ፍሬዎች በጠርሙስ። «ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው ተብሏል፣ እማዬ» የሚል ቁራጭ ወረቀት አለው።

ይዤው ሙሚና ዘንድ ወጣሁ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተን አየነው።

«ዓሣ ለእናንተ በጾም ይፈቀድ የለም እንዴ?»

«የሚበላ አለ። አባ ገብረየሱስ ግን በሁዳዴ ዓሣ አይነካም ባይ ናቸው፤ ዓሣም ነፍስ አለው ይላሉ። የነፍስ አባቴ ናቸው፣ ምን ላድርግ። አንቺ ዋጪው።»

«ዓሣው ሐላል ነው» አለች ሙሚና። «ይኼ የለበሰው ላስቲክስ ከምንድን ነው?»

ሲስተር መሲን ልንጠይቅ ጤና ጣቢያ ወረድን። ሽፋኑ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚሠራ መሆኑን፣ ከየትኛው እንደሆነ ግን ጠርሙሱ ላይ እንዳልተጻፈ ነገረችን። ሙሚና እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

ስለዚህ አቋማችን የሚከተለው ነው። ዓሣው ለእኔ አይሆንም፣ ልብሱ ለእሷ አይሆንም። በመሐል ሜዳ ይህን መድኃኒት የሚውጥ ሰው ከተፈለገ ሃይማኖት የሌለው ጉልበት መገኘት አለበት።

ቅዳሜ መጋቢት 8

ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ከራሴ ደበቅሁ።

ማክሰኞ መጋቢት 11

ቁልፉ ተገኘ። በአጋጣሚ ነው።

ዓርብ መጋቢት 14

ፍሬዎቹ የቀነሱ መሰለኝ። የመንዝ ብርድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይቀር ያኮማትራል፣ የዓሣ ዘይት ምን ይሳነዋል። ጉዳዩ በቅርብ እየታየ ነው። ስበላ የነበረው ስልጆ ጭራሽ ዓሣ ዓሣ ይለኛል፣ ምክንያቱ አልታወቀም።

ሰኞ መጋቢት 17

ዛሬ ቀኑ ጥሩ አልነበረም።

ከትናንት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሲወርድ ዋለ፣ አደረ። ጠዋት ጉልበቴ አብጧል። እንጨት ለማንሣት ጎንበስ እንዳልኩ አልታጠፍም፣ አልዘረጋም ብሎ ያዘኝ። ምድጃው አጠገብ አመዱ ላይ ተቀመጥኩና ቀረሁ። ከሣሎኔ ሬዲዮው ስለ ልማት ይናገራል። ለመነሣት ሞከርኩ። መደገፊያ የሚሆን ነገር ፈልጌ ያገኘሁት እንስራውን ነው፤ እንስራው ደግሞ ከእኔ ይብስ ነበር፣ ገለበጥኩት።

እርጥብ አመድ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ምንይሉ ልክ ነው? ልክ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን መብራት አይጠፋም፣ ቤታቸው ሲሚንቶ ነው፣ ጽናት ወተት ከነስኒው ታቀርብልኛለች። አንዲት መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር አለች፣ አይቻታለሁ። እዚያ ላይ ያስቀምጡኛል። እንግዳ ሲመጣ «እናታችን ናት» ይላሉ፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። እንግዳው ሲሄድም ፈገግ ብዬ እቆያለሁ። እዚያ ማንም ደፍሮ አይሰድበኝም።

ዛሬ የቁጥጥሩ ተራ የሙሚና ነበር። በዚያ ዝናብ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። መጣች፤ ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ። አመዱ ላይ አየችኝ።

«ምን እያረግሽ ነው አንቺ?»

«እየተቆጣጠርኩ ነው።»

አልሳቀችም። ደግፋ አነሣችኝ። የእሷም ጉልበት ስለሚያማት ሁለታችንም «ውይ» እያልን ነው የተነሣነው። ያን ጊዜ ስለ ውሉ ነገርኳት። መጥረጊያ አንሥታ የፈሰሰውን ውኃ እየጠረገች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦

«ትሄጂ እንደሆነ ታዲያ ጥናቱን ማን ይጨርሰዋል?» አለች።

ሰኞ መጋቢት 24

ከፍተኛ የሥነ ምግባር ጉድለት ተደርሶበታል።

ጉልበቴ ጋብ ስላለ ሳልናገር ሱቋ ገባሁ። ሙሚና በጓሮ በኩል ቁጭ ብላ ሙቀጫ ትወቅጣለች። ሙቀጫው ውስጥ ያለው ተልባ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ለበጉ ነው።»

«በጉ አረፋ ዕለት ታርዷል።»

«ለሚቀጥለው በግ ነው።»

ከንፈሯ ላይ የተልባ ገለባ ነበር። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እንደምትጠጣው አመነች። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ በቁጥጥር ስም የቀመስኩት ጥቁር አዝሙድ በማር ሲደመር አንድ ትልቅ ብርጭቆ እንደሚሆን ተናዘዝኩ። ዓሣውን አልተናገርኩም። እሷ ግን ጠጋ ብላ አሸተተችኝ።

ሰሞኑን ሬዲዮው ግምገማ፣ አንጃ፣ ግለሂስ እያለ ይውላል። እኛም ግምገማ ተቀመጥን። በግምገማው መሠረት ጥናቱ ተበላሽቷል፤ ማን በምን እንደተሻላት ከእንግዲህ ማወቅ አይቻልም። ሁለታችንም መሻላችን ግን አልተካደም። ሙሚና ጆንያውን አልፋ ሳትደገፍ ቆማ አሳየችኝ። እኔም ቆምኩ። ቅመም ሊገዛ የገባ አንድ ገበሬ ሁለት አሮጊቶች ፊት ለፊት ቆመው ሲተያዩ አይቶ ሳይገዛ ወጣ።

ጥናቱ ቢቋረጥም ቁጥጥሩ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

እሑድ መጋቢት 30፣ ሆሣዕና

ሲስተር መሲ ሚዛኑ ላይ አቆመችኝ። ቁጥሩን አሁንም አልጽፈውም፣ በሩቁ ግን ልታዩት ትችላላችሁ። የቀሚሴ መቀነት አንድ ዙር ጨምሯል።

«ምን አደረጉ?» አለችኝ።

«ተልባ» አልኳት በኩራት።

«ዳገቱስ?»

«የቱ ዳገት?»

ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። ለመዝገቡ፦ ጉልበቴን የረዳው ተልባ ነው፤ ጥቁር አዝሙዱ፣ ዝንጅብሉ እና ስሙ የማይጠቀሰው ነገር እንደ ድጋፍ ይቆጠሩ።

አንድ ነገር ግን አለ። መሻልና ስግደት አንድ አይደሉም። ዛሬ ጓዳ ውስጥ ማንም ሳያየኝ አንድ ጊዜ ሰግጄ ሞከርኩ። ወረድኩ። መነሣቱ ጊዜ ወሰደ። ቡሃቃውን ይዤ ነው የተነሣሁት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቡሃቃ የለም።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ምንይሉ መጣ። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፣ ከሩቅ ተያየን። ከሳ ብሏል፣ ወይም እኔ ቶሎ አዘንኩለት።

ጉልባን ሰጥቼው የቁጥጥር ሰዓቴ ስለደረሰ ነጠላዬን ስለብስ «የት ነው?» ብሎ ተከተለኝ። ዳገቱን ስንወጣ ከኋላዬ ቀርቶ ነበር፤ አስተማሪ ቆሞ እንጂ ተራምዶ ስለማይውል ነው። ሱቅ ውስጥ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሁለታችንንም ሲያይ ዋለ። እኔና ሙሚና በጉልበት፣ በጨው፣ በሟች ባሎቻችን፣ ቀጥሎም በምንም ተከራከርን።

«እማማ ሙሚና» አለ በመጨረሻ፣ «እናቴ ደብረ ብርሃን ብትገባ ምን ይሉኛል?»

«ውሰዳት! ጉልበቷን ይዘህ ሂድ፣ ጭንቅላቷንም ውሰድ» አለች ሙሚና ሚዛኗን እየጠራረገች። «ምላሷን ግን ትተህልኝ ሂድ። የምሰደበው እሱ ሲኖር ነው።»

ከዚያ አጎንብሳ የወደቀ ነገር ፈለገች። ምንም የወደቀ ነገር አልነበረም።

ምንይሉ ስንመለስ ሁለት ጊዜ ዞሮ ሱቁን አየ።

ዓርብ ሚያዝያ 5፣ ስቅለት

በአጭሩ። ደክሞኛል።

ከጠዋት ጀምሮ ቆምኩ፣ ሰገድኩ፣ ቆምኩ። ጉልበቴ አጉረመረመ እንጂ አልከዳኝም። ማታ ስግደቱ ሲያበቃ አባ ገብረየሱስ ወይራቸውን ይዘው የነፍስ ልጆቻቸውን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረጉ ይጠይቃሉ። ተራዬ ደረሰ።

«ወለተ ሐና፣ በጾሙ ምን ገደፍሽ?»

«የዓሣ ዘይት፣ አባ።»

«ምን ያህል?»

«ብርድ አኮማተረው የተባለውን ያህል።»

«ለምን ብለሽ?»

«ለጉልበቴ ብዬ።»

«አርባ አንድ ስገጂ።»

ምንይሉ ዘሎ መጣ። «አባ፣ እናቴ እኮ ጉልበቷን ታማለች!»

«የበላችው ለጉልበቷ ብላ አይደል?» አሉ አባ። «እንግዲያው ጉልበቷ ይክፈል።»

ሁሉንም ሰገድኩ። ከመጨረሻውም ብቻዬን ተነሣሁ። ምንይሉ አይቷል።

እሑድ ሚያዝያ 7፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። በግ ታርዷል። ሙሚና የእኛን ዕርድ ስለማትበላ በፋሲካ ቀን እኔ ቤት ውስጥ ሽሮና ተልባ የቀረበላት ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች። ዘነበችም መጣች፤ ዓይኗ ግድግዳዬ ጥግ ላይ ነበር።

ምንይሉ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ሁሉም በሰማበት ተናገረ። «እናቴ ስቅለት ዕለት ብቻዋን ተነሥታለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቱ አይከራይም።»

ዘነበች «ተመስገን» አለች፣ ጋኗን በልቧ ወደ ቤቷ እየመለሰች። ሙሚና ተልባውን አንሥታ እስከ አተላው ጨለጠችው።

እኔ ቅልጥም አንድ ብቻ መጠጥኩ። ለምላሴ።

ረቡዕ ሚያዝያ 10

ማረሚያ

በሚያዝያ 5 ቀን በዚህ ደብተር ላይ «ከመጨረሻውም ብቻዬን ተነሣሁ» ተብሎ የሰፈረው ቃል ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ በሚከተለው ተተክቶ እንዲነበብ ይሁን።

«በመጨረሻው ስግደት ላይ ግንባሬ መሬት እንደነካ መነሣት አልቻልኩም። ጸሎት የማደርስ መስዬ ቆየሁ። የማደርሰው ጸሎት አለቀብኝ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቀና ሳልል የምንይሉን ጫማ አየሁ። አጠገቤ ተንበርክኮ እሱም ሰገደ። ማንም ያየ ሰው እናትና ልጅ አብረው ሰገዱ ከማለት በቀር ሌላ የሚለው የለም። ሲነሣ ክንዴ በክንዱ ውስጥ ነበር። በሕማማት መሳም አይፈቀድም፤ ክንድ ስለ መያዝ የተጻፈ ግን የለም። ከቆምን በኋላ በጆሮዬ ‹እማዬ፣ ቀልለሻል› አለኝ። አልለቀቀኝም፣ እስኪጸናኝ ድረስ።»

በዚህ መሠረት፣ በውሉ ቃል ከሄድን ጉዳዩን የረታው ምንይሉ ነው። በሚያዝያ 7 ቀን በምስክሮች ፊት የሰጠው ቃል ሐሰት መሆኑም ተረጋግጧል። የዚህ ደብተር ጸሐፊ በሥራ ዘመኗ ብዙ የሐሰት ምስክር ቃል በታይፕ መትታለች፤ እንዲህ ያለ የሚያምር ፊት ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ስሕተቱ ታርሟል። ውሳኔው እንደጸና ነው።